ዙፋን ላይ ያረጀ አእምሮ፤ ከመተማ ጦር ሜዳ እስከ ገንዳ ውሃ የምርመራ ክፍል

ከገንዳ ውሃ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው የሱዳንን ድንበር ከምትነካው መተማ ዮሐንስ ይደርሳል። ከተማዋ በስማቸው የምትጠራው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ባደረጉት ውጊያ በጥይት ቆስለው፣ ብዙም ሳይቆዩ አርፈዋል። ዕድሜያቸው በሃምሳዎቹ ውስጥ ነበር። ሞት አልጋቸው አጠገብ በቆመባት በዚያች አጭር ጊዜ ራስ መንገሻን ልጃቸውና ወራሻቸው መሆናቸውን ለመኳንንቱ እንደተናዘዙ በታሪክ ተመዝግቧል። ኑዛዜው አልጸናም፤ ዙፋኑ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ምኒልክ ተሻገረ። ሆኖም በወቅቱ የነበረው ክርክር በኑዛዜው ይዘትና በእያንዳንዱ ወገን ጉልበት ላይ እንጂ «ንጉሡ ሲናዘዙ አእምሯቸው የጸና ነበርን?» በሚል ጥያቄ ላይ አልነበረም። ጥይት ፈጣን ነውና ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ጊዜ አይሰጥም።

ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ ረጅም ዘመን የቆዩት ሁለቱ ነገሥታት ዕጣ ግን የተለየ ነው። ዐፄ ምኒልክም ሆኑ ቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የገጠማቸው በዕድሜና በበሽታ ቀስ በቀስ የሚሸረሸር የአእምሮ አቅም ነበር። በሁለቱም ዘመን አገሪቱ «ንጉሡ ያውቃሉን? ያስታውሳሉን? ይወስናሉን?» የሚለውን ጥያቄ በሹክሹክታ ስትጠይቅ ኖራለች፤ በሁለቱም ዘመን መልሱን የሰጠው ሐኪም አልነበረም። ይህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ ከሕክምና ባለሙያ ዐይን ለመመልከት የሚሞክር ነው። እግረ መንገዱንም እርጅና በትኩረት፣ በትውስታና «የአእምሮ ልጓም» ብለን ልንጠራው በምንችለው የመቆጣጠር አቅም ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ፣ ለውጡም ዛሬ በቆላማው ምዕራብ ጎንደር ለሚሠራ ባልደረባችን ያለውን ትርጉም ያነሣል።

ዐፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱ ሲሆን በጤናቸው ዘመን ማለዳ ተነሥተው የመንግሥቱን ሥራ እስከ ጥቃቅኑ ድረስ የሚከታተሉ፣ አዲስ የመጣ መሣሪያ ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ ሳይጠይቁ የማያልፉ ሰው እንደ ነበሩ ያገኟቸው የውጭ አገር ሰዎች በብዛት ጽፈዋል። ዛሬ መተማን ከገላባት የሚለየው መስመር መሠረቱ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተፈረመው ውል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ጊዜ 57 ዓመታቸው ነበር። የአንድን ውል ዝርዝር ከካርታ ጋር አገናዝቦ መያዝ፣ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ እየገመቱ የራስን መሰወር፣ አንዱን ጉዳይ አቁሞ ሌላውን ማንሣት፣ ከዚያም ወደ ተተወው መመለስ የአእምሮ ልጓም ዋነኛ ሥራዎች ናቸው። እነዚህም ሥራዎች በእጅጉ የተመኩት በፊተኛው የአንጎል ክፍልና ይህን ክፍል ከጥልቁ የአንጎል ማእከሎች ጋር በሚያገናኙት ነጭ የነርቭ ጭረቶች ላይ ነው።

የታሪክ ጸሐፊዎች የንጉሠ ነገሥቱን ጤና መታወክ ከ1898 ዓ.ም. አካባቢ ጀምረው ይቆጥራሉ። የውጭ መንግሥታት ይህን ወዲያው ማጤናቸውን የሚያሳየው፣ በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ ኢትዮጵያ የተፈራረሙት የሦስትዮሽ ውል ነው፤ ምኒልክ ሲሞቱ የሚመጣውን ሁኔታ በዐይነ ሕሊና አስቀድሞ የተመለከተ ስምምነት ነበርና። ንጉሠ ነገሥቱም በበኩላቸው በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። በዚያው ዓመት የአንጎል ደም ሥር አደጋ አካላቸውን በከፊል አደከመው። ጠበል ፍለጋ ወደ ደብረ ሊባኖስ ተጓዙ። በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ወራሽ መሆናቸው ታወጀ፤ ራስ ተሰማ ናደው ደግሞ ሞግዚት ሆነው ተሰየሙ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የደረሰው ከባድ አደጋ ግን ንግግራቸውንና እንቅስቃሴያቸውን ነጠቃቸው። ከዚያ በኋላ ዐፄ ምኒልክ ከአራት ዓመት በላይ ኖረዋል። ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው።

የጊዜው ቅደም ተከተል ለሐኪም ዐይን ብዙ ይናገራል። በሽታው እንደ ደረጃ መውረጃ ነው፤ አንድ አደጋ፣ ጥቂት ማገገም፣ ከዚያ ሌላ አደጋ፣ ሌላ ዝቅታ። ይህ አካሄድ ከተራ እርጅናም ሆነ በዝግታ ከሚያዘግመው የአልዛይመር በሽታ ይለያል። በየደረጃው የሚጠፋውም ነገር የግድ ትውስታ አይደለም። የአንጎል ደም ሥር በሽታ ያለበት ሰው የወዳጆቹን ስም፣ የድሮ ዘመቻውን፣ የአባቱን ቤት አጥርቶ ሊያስታውስ ይችላል። የሚደክመው ሐሳብን የማፍጠን፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የመያዝና የጀመሩትን ከዳር የማድረስ አቅም ነው። አጠገቡ ያለ ዘመድ «ሁሉንም ያስታውሳል እኮ!» ብሎ የሚከራከረው ለዚህ ነው። እውነቱን ነው፤ ትውስታው ግን ውሳኔ ለመስጠት አይበቃም።

በምኒልክ ቤተ መንግሥት በዚያን ጊዜ የሠለጠኑ ሐኪሞች አልጠፉም ነበር። ከጓዴሎፕ የመጡት ዶክተር ቪታሊየን ነበሩ፤ በ1901 እና በ1902 ዓ.ም. መካከል ዶክተር ሽታይንኩለር የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም መጡ። ጀርመናዊው ንጉሠ ነገሥቱ ተመርዘዋል የሚል ጥርጣሬ በማንሣታቸው፣ የሕክምናው ጉዳይ የፈረንሳይና የጀርመን ተፎካካሪነት፣ የቤተ መንግሥቱም የውስጥ ሽኩቻ መሣሪያ ሆነ። እንደ እኔ አስተያየት በደም ሥር አደጋ በግልጽ የሚብራራ የበሽታ አካሄድ እያለ የመርዝ ታሪክ ያን ያህል ጆሮ ማግኘቱ የሕክምና ጥያቄ ከመኝታ ቤቱ ወጥቶ ወደ አደባባይ ሲገባ ምን እንደሚሆን ያሳያል።

የዓለም ሕክምናስ በዚያ ሰዓት የት ነበር? ሪቫ ሮቺ የደም ግፊት መለኪያውን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1896 ማለትም በዓድዋው ዓመት ነው። ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ ዛሬ ሁላችንም በጆሮ ማዳመጫ የምንሰማውን ድምፅ በሴንት ፒተርስበርግ ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ግፊትን በእርግጥ የሚያወርዱ፣ በአፍ የሚወሰዱና ለሰፊው ሕመምተኛ የሚመቹ መድኃኒቶች ግን እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ አልተገኙም። ስለዚህ የምኒልክ ሐኪሞች፣ የትኛውም አገር ዜጋ ይሁኑ፣ በሽታውን ከመመልከት ያለፈ አቅም አልነበራቸውም። ቢንስቫንገር በጥልቁ የአንጎል ክፍል ደም ሥሮች ጥበት ሳቢያ የሚመጣውን የአእምሮ ድካም የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። አሎይስ አልዛይመር ደግሞ በ51 ዓመቷ ወደ ፍራንክፈርት ሆስፒታል የገባችውን ሴት ታሪክና የአንጎሏን ምርመራ ቱቢንገን ላይ ለባልደረቦቹ ያቀረበው እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1906 ነበር፤ የምኒልክ ጤና መታወክ በተሰማበት ዓመት። ክሬፐሊን እ.ኤ.አ. በ1910 በመማሪያ መጽሐፉ «የአልዛይመር በሽታ» ሲል ስም ሲሰጠው ንጉሠ ነገሥቱ ከአልጋ መውረድ አቅቷቸው ነበር።

መንግሥት እንዴት ይሠራ ነበር? እቴጌ ጣይቱ በባለቤታቸው ስም ሹመትና ሽረት ማካሄድ ጀመሩ። ትእዛዙ የንጉሡ ነው፤ ማኅተሙም የንጉሡ ነው፤ ንጉሡ ግን አይናገሩም። መኳንንቱ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ራስ ተሰማም በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞቱ። ዐፄ ምኒልክ ሲያርፉ ሞታቸው በይፋ አልተነገረም፤ አስከሬናቸውም በቤተ መንግሥቱ ቅጥር በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት በምስጢር ተቀመጠ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እዚህ ላይ የተደበቀው በሽታ ብቻ ሳይሆን ሞትም ነው። ይሁንና ድርጊቱን በቀላሉ ማውገዝ አይገባም። የወራሹ ዕድሜ ገና ለጋ ነበር፤ ሦስት የቅኝ ገዢ መንግሥታት ድንበሩ ላይ ነበሩ፤ ከዚህም በላይ በሕይወት ያለ ግን መወሰን የማይችል ንጉሥ ምን እንደሚደረግ የሚደነግግ ሕግ በአገሪቱ አልነበረም።

ሕጉ የመጣው ኋላ ነው፤ ያመጡትም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ለአካለ መጠን ባለመድረስ፣ ከአገር ውጭ በመሆን ወይም በጽኑ ሕመም ምክንያት ሥራቸውን ማከናወን ካልቻሉ እንደራሴ እንደሚኖር ይደነግጋል። ሕመሙም የሚረጋገጠው በሚገኘው ከፍተኛ የሐኪሞች አስተያየት ነው። በኢትዮጵያ የሕግ ታሪክ ውስጥ ለሐኪም ይህን ያህል ከባድ ሥልጣን የሰጠ ሌላ አንቀጽ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 339 ላይ በእድገት ጉድለት፣ በአእምሮ በሽታ ወይም በመጃጀት ምክንያት የሥራውን ውጤት ለመገንዘብ ስለማይችል ሰው ይናገራል። መጃጀትን በሕግ ቋንቋ የጻፈው ይህ አዋጅ ሲወጣ አዋጁን ያወጡት ንጉሠ ነገሥት 67 ዓመታቸው ነበር።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ተወልደዋል። በ1932 ዓ.ም. ክረምት ከስደት ወደ ካርቱም ሲደርሱ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከመተማ በስተ ደቡብ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡም ሃምሳ ዓመት አልሞላቸውም። በ1964 ዓ.ም. ሰማንያኛ ልደታቸው በታላቅ ሥነ ሥርዓት ሲከበር ብዙዎች ወራሹን በግልጽ አስረክበው ዕረፍት ያደርጉ ይሆናል ብለው ጠብቀው ነበር። አልሆነም። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጥር 1965 ዓ.ም. ከባድ የአንጎል ደም ሥር አደጋ የደረሰበት ሰው አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን ነበር፤ ለሕክምናም ወደ ውጭ አገር ተወሰዱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1966 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጃቸውን ዘርዐ ያዕቆብን በአልጋ ወራሽነት ሰየሙ። አንድ ዓይነት በሽታ፣ በስልሳ ዓመት ልዩነት፣ መጀመሪያ ንጉሡን፣ ቀጥሎ አልጋ ወራሹን መትቶ የመንግሥቱን ሽግግር ሁለት ጊዜ እንዳናጋው የታሪክ መጻሕፍት ሲያወሱት ብዙም አይስተዋልም።

ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ራሳቸው የተጻፈው ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ በሕግ አማካሪነት ያገለገሏቸው አሜሪካዊው ጆን ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት የትዝታ መጽሐፍ፣ በመጨረሻው ጊዜ ባደረጉት ውይይት ንጉሠ ነገሥቱ ከእውኑ ዓለም እየራቁ መሆናቸው እንደ ተሰማቸው ጽፈዋል። ሌሎችም ድካምን፣ አንድን ነገር ደጋግሞ መጠየቅን፣ ትኩረት መበተንን አውስተዋል። በአንጻሩ እስከ ፍጻሜው ድረስ ንቁ እንደ ነበሩ የሚመሰክሩም አሉ። ሁለቱም ወገን የሚያየው አንድ ሰው በተለያየ ሰዓትና በተለያየ ሥራ ላይ ሳለ ሊሆን ይችላል። አዛውንት በለመደው ሥነ ሥርዓት፣ በለመደው ንግግር፣ ለዘመናት ባቀበው ክብር ውስጥ ሲንቀሳቀስ ድካሙ አይታይም። ልማድ በትውስታ ዓይነቶች ሁሉ ለእርጅና እጅ ለመስጠት የመጨረሻው ነው። ድካሙ የሚጋለጠው ያልተለመደ ነገር ሲመጣ ነው፤ የወሎ ረሃብ፣ የነጌሌ ወታደሮች አመፅ፣ የየካቲት 1966 ዓ.ም. ሰልፍ። በሃምሳ ዓመት ልምድ የተሠራ የአስተዳደር ዘዴ ያልተለመደ ችግር ሲገጥመው የተፈለገው የልምድ ሀብት ሳይሆን አሮጌውን መንገድ አቁሞ ወደ አዲስ የመዞር አቅም ነበር። ይህ አቅም ደግሞ በጤነኛ እርጅናም ቢሆን ቀድመው ከሚደክሙት አንዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ከታሪክ መጽሐፍ ተነሥቶ ለሞተ ሰው ምርመራ መጻፍ የሕክምና ሥራ አይደለም። በ82 ዓመት ዕድሜ ላይ የሚታይ መዘናጋት የመጃጀት ማስረጃ አይሆንም፤ የተዳከመ ጆሮ፣ የዕንቅልፍ እጦት፣ ሐዘን፣ ብቸኝነት፣ መረጃን እያጣሩ የሚያቀርቡ ባለሟሎችም ተመሳሳይ መልክ ይሰጡታል። የአዛውንት ትኩረት የሚደክመው ረጅም ጊዜ አንድ ነገር ላይ መቆየት ስላቃተው ሳይሆን በአመዛኙ የማይፈልገውን ድምፅና ሐሳብ መከልከል ስለሚያቅተው እንደ ሆነ እነ ሐሸርና ዛክስ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረቡት ሐሳብ ያስረዳል። ሶልትሃውስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ብዙው ለውጥ የሐሳብ ፍጥነት ከመቀነሱ የሚመነጭ መሆኑን ተከራክሯል። የቃላት ሀብት፣ ስለ ዓለም የተከማቸ ዕውቀትና የእጅ ሙያ ግን እስከ እርጅና ይዘልቃሉ። የትናንቱ ነገር፣ ማን እንደ ተናገረው፣ ነገ ምን ሊደረግ እንደ ታሰበ፣ እነዚህ ናቸው የሚያመልጡት። ፍንጭ ሲሰጠው ቶሎ የሚያስታውስ አዛውንት አንድ ነገር ነው፤ ፍንጭ ተሰጥቶትም ነገሩ እንዳልተፈጸመ የሚቆጥረው ሌላ ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ሲያወርድ ባስነበበው አዋጅ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የሕክምና ምክንያት ነበር፤ ዕድሜያቸው 82 መድረሱንና በዚህም ሳቢያ በአካልም በአእምሮም በመድከማቸው ከፍተኛውን ኃላፊነት መሸከም እንደማይችሉ ይገልጻል። ሕገ መንግሥቱ የጠየቀው የሐኪሞች አስተያየት በወታደሮች አዋጅ ተተካ። አዋጁ በይዘቱ እውነት ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ የሚያሳዝነው ግን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት በሕግ መጽሐፍ ላይ የተቀመጠ አንቀጽ አንድ ቀን እንኳ ሥራ ላይ ለመዋል ዕድል ሳያገኝ ማለፉ ነው። ከዓመት በኋላም ታሪኩ ተደገመ። ንጉሠ ነገሥቱ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲሞቱ መንግሥት ሞቱን ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር አያይዞ አስታወቀ። የግል ሐኪማቸው ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ግን ይህን አልተቀበሉም፤ የደርግ ባለሥልጣናት ኋላ በፍርድ ቤት የተጠየቁበት ወንጀል ግድያ ነበር። በሕይወትም በሞትም የሕክምናውን ቃል የጻፈው ሥልጣን ነው።

የሚገርመው የዘመን መገጣጠም ነው። እነ ብሌስድ፣ ቶምሊንሰንና ሮዝ በኒውካስል የአዛውንቶችን የአእምሮ ድካም በአንጎል ውስጥ ከሚታዩት ለውጦች ጋር ያገናኘውን ጥናት ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። «በብዙ የደም ሥር መዘጋት የሚመጣ መጃጀት» የሚለውን ስያሜ እነ ሐቺንስኪ ላንሴት ላይ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ዛሬም የምንገለገልበትን አጭሩን የአእምሮ ሁኔታ መመርመሪያ እነ ፎልስታይን ያሳተሙት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። እስከዚያ ድረስ ለብዙ ሐኪም መጃጀት የደም ሥር መድረቅ ወይም የተፈጥሮ ግዴታ እንጂ ተለይቶ የሚመረመር በሽታ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱን መርምሩ ቢባሉ እንኳ የአዲስ አበባ ሐኪሞች በእጃቸው የሚይዙት የተመዘነ መሣሪያ ያን ጊዜ ገና እየተሠራ ነበር።

መሣሪያው ዛሬ አለ፤ ችግሩ ገንዳ ውሃ ላይ ይጀምራል። ፎልስታይን ያዘጋጁት መመርመሪያ አንብቦ መታዘዝን፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍን፣ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠርን ይጠይቃል። ከቋራ ወይም ከመተማ ገጠር የመጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሰሊጥና ጥጥ ያመረቱ፣ ፊደል ያልቆጠሩ አባት በዚህ ፈተና ቢወድቁ ያወቅነው ትምህርት ቤት አለመግባታቸውን ብቻ ነው። ቋንቋቸው ጉሙዝኛ ወይም ዐረብኛ የሆነ አዛውንት ሲመጡ ደግሞ የሚመዘነው የአስተርጓሚው አእምሮ ይሆናል። «ዛሬ ስንት ቀን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ቁጥሩን ያልመለሱ እናት «ትናንት ሚካኤል ነበር» ካሉ ጊዜን በሚገባ ያውቃሉ። በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተሠሩት ጥናቶች ይህን መሰናክል ቀድመው ተገንዝበዋል። በሰሜን ታንዛኒያ ገጠር የተዘጋጀው መመርመሪያ ፊደል አይጠይቅም፤ የቀበሌያቸውን አለቃ ስም፣ ድልድይ ምን እንደ ሆነ፣ በአንድ ደቂቃ ስንት እንስሳት እንደሚጠሩ፣ የክብሪት እንጨቶችን እንደ ታየው ንድፍ መደርደር እንደሚችሉ፣ የተነገራቸውን ቃላት ጥቂት ቆይቶ ማስታወስ እንደሚችሉ ይጠይቃል። እንስሳት መጥራት ቀላል ይመስላል እንጂ ከበግ ወደ አውሬ፣ ከአውሬ ወደ ወፍ መሻገርን ስለሚጠይቅ የአእምሮን ልጓም በደንብ የሚፈትን ጥያቄ ነው። «ፍየል፣ በግ፣ ፍየል፣ በግ» እያሉ የሚመላለሱ አዛውንት ከረሱ አዛውንት ይልቅ ሊያሳስቡን ይገባል።

ቆላው የራሱ ወጥመድም አለው። ወባ፣ ካላዛርና ያስከተለው የደም ማነስ፣ የሙቀትና የፈሳሽ እጥረት በበዙበት አካባቢ «አባታችን ጃጁ» ተብሎ የሚመጣ አዛውንት ሁሉ አልጃጀም። ዋናው ጥያቄ «መቼ ጀመረው?» የሚለው ነው። ከሦስት ቀን ወዲህ ከሆነ፣ ማታ ማታ ከባሰበት፣ ቀን እየተኛ ሌሊት ከቃዠ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ እንዲቆጥር ሲጠየቅ ሐሳቡ መሐል ላይ ከተበተነበት፣ የተጎዳው ትኩረቱ ነው፤ ምክንያቱም ምናልባት ዛሬውኑ የሚታከም ነገር ነው። በተራ መጃጀት ትኩረት እስከ ኋለኛው ደረጃ ይቆያል፤ በድንገተኛ መቃዠት ግን ቀድሞ ይጠፋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ በመተማ በኩል ከተሻገሩት ስደተኞች መካከል የነበሩ አዛውንቶችን ላየ ባለሙያ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነበር፤ የቀድሞ ሁኔታቸውን የሚመሰክር ዘመድ በሌለበት አሁን የሚታየው አዲስ ይሁን አሮጌ መለየት ያዳግታልና።

የምኒልክ ዘመን ሐኪሞች ያልነበራቸው አንድ ነገር በገንዳ ውሃ ጤና ተቋማት አለ፤ የደም ግፊት መለኪያና መድኃኒቱ። የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ከሚታየው መጃጀት 45 በመቶ ያህሉን ሊከላከሉ ወይም ሊያዘገዩ ይቻላል ካላቸው 14 ምክንያቶች መካከል የደም ግፊት፣ የመስማት መቀነስ፣ የማየት መቀነስና የትምህርት እጦት ይገኛሉ። መድኃኒቱ ግን የሚሠራው ሲወሰድ ነው። በጫጫታ በተሞላ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ለ70 ዓመት አዛውንት አራት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ መስጠት የሚዘነጉትን ነገር እኛው አዘጋጅተን መስጠት ነው። አንድ ትእዛዝ፣ ከሚያውቁት ነገር ጋር የታሰረ፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ ቡና ጋር፣ ከዚያም መልሰው እንዲነግሩን ማድረግ ይሻላል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ ዛሬም አልተሻረም። የእርሻ መሬትና ቤት ዋጋ ያለው ነገር በሆነበት አካባቢ ልጆች «አባታችን ስለማያስታውሱ ማረጋገጫ ይጻፍልን» ብለው ወደ ሆስፒታል መምጣታቸው አይቀርም። ጥያቄው ብዙ ጊዜ ቅን ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ከኋላው የወንድማማች ክርክር አለ። የሚጻፈው ወረቀት አንድ አዛውንት በገዛ ንብረታቸው ላይ ያላቸውን ድምፅ የሚያሳጣ ስለሆነ፣ ምርመራው ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ በሚሰሙት ድምፅና በሚገባቸው ቋንቋ፣ ልጆቹ ከክፍሉ ከወጡ በኋላ መደረግ ይኖርበታል። ወባና የደም ማነስ ካሉ አስቀድሞ መታከም፣ ምርመራውም ከሳምንታት በኋላ መደገም አለበት። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረውም «ጃጅተዋል» የሚል ፍርድ ሳይሆን በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ጥያቄ፣ ምን እንደ መለሱ ነው። መሬታቸውን ለማን እንደሚያከራዩ፣ በስንት እንደሚያከራዩ፣ ለምን እርሱን እንደ መረጡ በራሳቸው አፍ ማስረዳት የቻሉ ሽማግሌ የሐኪሙን ስም ዘንግተው ሊሆን ይችላል።